ፈተናው ነገ ጠዋት ነው፤ ልጄ «ኤስ»ን ማያያዝ አልቻለችም

የሙጋዷ እናት (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ነገ ጠዋት የእንግሊዝኛ የእጅ ጽሑፍ ፈተና አለባት፤ ያ ተያይዞ የሚጻፈው ከርሲቭ። ሌላው ፊደል ሁሉ ይሆንላታል፣ «ኤስ» ብቻ እምቢ ብሏታል። አንዳንዴ በደንብ ትጽፈዋለች፣ አንዳንዴ ደግሞ እርሳሷን አንሥታ የመጽሐፉን «ኤስ» ትለጥፍበታለች። አሁን እያለቀሰች ነው። የምታውቁ ቶሎ ንገሩኝ።

የጦሳ ሥር፦ ትልቁ ነው ትንሹ? ስንተኛ ክፍል ናት?

የሙጋዷ እናት፦ ትንሹ። ሦስተኛ ክፍል።

ጡረተኛ መምህር (ወልድያ)፦ ልጄ፣ የሚያለቅስ ልጅ እርሳስ አይያዝም፤ መጀመሪያ እራቷን ትብላ። ጥፋቱም የእሷ አይደለም። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ የሚጻፍ ነው። የሐይቅ እስጢፋኖስን ብራናዎች ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ጸሐፊው አንዱን ፊደል ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። ከ«ሀ ሁ» የመጣ እጅ በየፊደሉ መነሣት ልማዱ ነው። ከርሲቭ ግን እጅ ሳይነሣ እንዲፈጥን የተዘጋጀ አጻጻፍ ነው። ኦስቲን ፓልመር የተባለው አሜሪካዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲያስተምር፣ ጣት ሳይሆን ክንድ ይንቀሳቀስ ይል ነበር። ስለዚህ ክንዷ ጠረጴዛው ላይ ይረፍ። በቀኝ እጇ የምትጽፍ ከሆነ የደብተሩ አናት ወደ ግራ ዘንበል ይበል።

አንድ አባት (ኮምቦልቻ)፦ እኔ የማልስማማው ከፈተናው ጋር ነው። ጥርት ብሎ ከተነበበ ቢያያዝ ባይያያዝ ምን ለውጥ አለው? በአሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጋራ የትምህርት መመዘኛ ከርሲቭን አላካተተም።

ጡረተኛ መምህር፦ ካሊፎርኒያ እኮ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣችው ሕግ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል እንዲሰጥ አድርጋለች። ለማንኛውም ልጅቱ ነገ ትፈተናለች፤ ይህን ክርክር ሌላ ቀን እናንሣው።

የጦሳ ሥር፦ በባለ አራት መስመሩ ደብተር ላይ ሁለቱን የመካከል መስመሮች ተመልከቺ። ከታችኛው ተነሥታ ወደ ቀኝ ዘመም እያለች እስከ ላይኛው ትውጣ። ጫፉ ላይ ሳትቆም ሆዱን ወደ ቀኝ አውጥታ ትውረድ። ታች ስትደርስ ወደ ግራ ታጥፋ የወጣችበትን ጭረት ትንካ፤ ከዚያ መስመሩን ይዛ ወደ ቀኝ ትውጣ።

ሰኞ ገበያ፦ ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ሆዱን ማውረድ ነው። አንድ ገጽ ሙሉ ታስጽፊያትና ይገባታል።

የሙጋዷ እናት፦ ገጽ ሙሉ ጽፋለች እኮ! ለብቻው ሲሆን ያምራል።

የደጋን ልጅ (ቃሉ)፦ አብሽሪ እህቴ። ነገሩ ያለው «አንዳንዴ» ያልሽው ላይ ነው። የትኛው ቃል ላይ ነው የሚበላሽባት? ቁርኣን ቤት ሉሕ ላይ ስንጽፍ የዓረብኛው «ዓይን» መነሻ ላይ አንድ መልክ፣ መካከል ላይ ሌላ፣ መጨረሻ ላይ ሌላ መልክ ነበረው። ተያይዞ በሚጻፍ ነገር ፊደሉ ብቻውን አይጠናም፤ ከፊቱ ማን እንዳለ ይጠየቃል።

የሙጋዷ እናት፦ እውነትህን ነው! «ፋስት» ላይ ደህና ነው። የሚበላሸው «ፖስት» እና «ካውስ» ላይ ነው።

የደጋን ልጅ፦ እንግዲያው ተገኘ። «ኦ»፣ «ቢ»፣ «ቪ» እና «ደብልዩ» የሚያልቁት ከላይ ነው፤ አብዛኞቹ ሌሎች ግን ከታች። ከ«ኦ» በኋላ ወደ ታችኛው መስመር ከወረደች «ኦ»ው «ኤ» ይመስላል። ስለዚህ «ኦ»ን አናቱ ላይ ዘግታ፣ ትንሽ ሰርጎድ ያለች አጭር ጭረት ወደ ቀኝ ትሳብ፤ ከዚያው ከላይ የ«ኤስ»ን ጫፍ ሠርታ ሆዱን ታውርድ። ከታች ሽቅብ መውጣቱን ትተወው። የምትነካው ጭረት ስለሌለ ግርጌው ትንሽ ክፍት ቢሆን አትጨነቂ። ገጽ ሙሉ «ኤስ» ከምትጽፍ «ኦ»ን ከ«ኤስ» ጋር፣ «ደብልዩ»ን ከ«ኤስ» ጋር ጥንድ ጥንድ ታድርግ።

ሰኞ ገበያ፦ እኔም ከታች ወደ ላይ ያልኩት ለዚህ ነበር።

የጦሳ ሥር፦ እሱ እኮ ከላይ ነው ያለው፤ ልጅቱን እንዳናደናግራት።

የሙጋዷ እናት፦ «ፖስት» ወጣላት! አላህ ይስጥልኝ። «ክሮስ» ላይስ? ሁለት «ኤስ» ነው ያለው።

የደጋን ልጅ፦ የመጀመሪያው ከ«ኦ» ስለሚመጣ ከላይ ይጀምራል። እሱ ራሱ ግን ከታች ስለሚያልቅ ሁለተኛው እንደ ወትሮው ከታች ይነሣል። ይህን ጽፋ ካየሽላት በኋላ አስተኚያት።