እንቅፋት የመታው ጣቱን፣ ንፍፊቱ የወጣው ብሽሽቱ ላይ

የናቲ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የ8 ዓመት ልጄ በባዶ እግሩ ኳስ ሲጫወት እንቅፋት መትቶት የአውራ ጣቱ ጥፍር ተነቀለ። በ3ኛው ቀን መግል ያዘ። ትናንት ማታ ሳጥበው ብሽሽቱ ላይ ባቄላ የምታክል እብጠት አገኘሁ። ስነካት ያመዋል። እናቴ «ንፍፊት ነው፣ በቅቤ ይታሽ» ትላለች። ዛሬ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ቁስሉን አጥበው መድኃኒት አዘዙለት። የሲቢሲ (የደም ሴል ቆጠራ) ውጤቱ ነጭ የደም ሴል 15,400፣ ኒውትሮፊል 79 በመቶ ይላል። ወረፋው ብዙ ስለነበር የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ቁስሉ እግሩ ላይ ሆኖ ብሽሽቱ ለምን አበጠ? ይታሽ ወይስ ልተወው?

የላብራቶሪ ባለሙያ
እህቴ፣ ቁጥሩ አያስደንግጥሽ። በናቲ ዕድሜ እስከ 13,500 ገደማ ጤናማ ነው፤ የእሱ ትንሽ ከፍ ብሏል። ኒውትሮፊል ቁስል ላይ ቀድሞ የሚደርሰው ነጭ የደም ሴል ነው። የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። የአዋቂ ሰው መቅኒ በቀን 100 ቢሊዮን ገደማ ያመርታል። ኢንፌክሽን ሲመጣ መቅኒው ያጠራቀመውን ይለቃል፤ ሲብስበት ገና ያልበሰሉትንም ጭምር። እነሱን በማይክሮስኮፕ ሳያቸው አውቃቸዋለሁ። የበሰለው ኒውክሊየሱ (የሴሉ እምብርት) 3 ወይም 4 ቦታ ቋጠሮ ቋጠሮ ነው፤ ያልበሰለው እንደ ማጭድ የታጠፈ ነው። ያየሽው መግልም በአብዛኛው ባክቴሪያ ውጠው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ናቸው።

የባዮሎጂ መምህር
ወደ ብሽሽቱ ልምጣ። ቆዳችን ውስጥ ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች አሉ። የባክቴሪያውን ቁራጭ ይዘው በሊምፍ ቧንቧ፣ ማለትም ከሰውነት ክፍሎች የሚጠራቀም ፈሳሽ በሚሄድበት ቀጭን ቧንቧ፣ ወደ ላይ ይጓዛሉ። ከእግር የሚነሳው ቧንቧ የሚያልፈው በብሽሽት ዕጢዎች በኩል ነው። እዚያ ቲ እና ቢ የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ይጠብቃሉ። እያንዳንዱ የሚያውቀው የራሱን ዓይነት ቁራጭ ብቻ ነው። ልኩን ያገኘው ሴል መባዛት ይጀምራል፤ ዕጢውም ያብጣል። ናቲ ላይ የዳሰስሽው ይህንን ነው። እናትሽ «ንፍፊት» ማለታቸው ልክ ነው።

ሁለቱም ሴሎች መነሻቸው መቅኒ ነው። ቲ ሴል ግን ከደረት አጥንት ጀርባ ባለችው ታይመስ በምትባል ዕጢ ውስጥ ይፈተናል። አብዛኛው ፈተናውን አያልፍም፤ የራስን አካል የሚያጠቃው እዚያው ይሞታል። ቢ ሴል ስሙን ያገኘው ከዶሮ ነው፤ ፊንጢጣዋ አጠገብ ካለች ቡርሳ ከምትባል ከረጢት። ተማሪዎቼ ይህን ከሰሙ አይረሱትም።

ሲስተር
የኔ እህት፣ እባክሽ አይታሽ፣ አይበጣም። ሲታሽ ሕመሙ ይብስበታል እንጂ ጥቅም የለውም። ጣቱን በቀን 2 ጊዜ በንጹሕ ውኃና ሳሙና እጠቢለት። ቢሻለውም መድኃኒቱን ይጨርስ። ከጣቱ ወደ ላይ የሚሄድ ቀይ መስመር ካየሽ፣ ትኩሳት ከያዘው፣ ወይም እብጠቱ ቀልቶ ከለሰለሰ ነገ አትበይ፣ በዚያው ሰዓት ውሰጂው። ቁስሉ ድኖ ንፍፊቱ ከ4 ሳምንት በላይ ከቆየም ይታይ። በአገራችን የዕጢ ቲቢ ብዙ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳያም ቀስ እያለ ያድጋል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ አፈር የነካው ቁስል ነውና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስዷል?

የናቲ እናት
እግዜር ይስጥልኝ። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ተከትቧል፤ ካርዱ አለ። ይደገማል እንዴ?

ሲስተር
ካርዱን ይዘሽ ነገ ሂጂ፤ የመጨረሻው ከተወጋ 5 ዓመት ስላለፈው ማጠናከሪያ ያስፈልገዋል። በመንጋጋ ቆልፍ ታሞ የዳነ ሰው እንኳን መከተብ አለበት። ለሕመም የሚበቃው የባክቴሪያው መርዝ በጣም ጥቂት ስለሆነ ሰውነት አይማርበትም።

የባዮሎጂ መምህር
በሕፃንነቱ የተከተበው ከንቱ አልቀረም። ፀረ እንግዳ አካሉ (መርዙን የሚያከሽፈው በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ የሚያስታውሱት ቢ እና ቲ ሴሎች ግን ይቆያሉ። የመጀመሪያው ክትባት ውጤቱ ሳምንታት ይፈልጋል። ማጠናከሪያው ሲሰጥ እነዚያ ነቅተው በቀናት ውስጥ ይባዛሉ።

የናቲ እናት
በማግስቱ ክንዱ ላይ ተወጋ። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው። መግሉ ደርቋል፣ ትኩሳት የለውም። ቅቤውን እናቴ ለሽሮ አዋለችው። አሁን ብሽሽቱን ዳሰስኩት፤ ባቄላዋ ሽንብራ አክላለች።