አስቸኳይ፦ ጓደኛችን ግሪን ካርዱ ካናዳ ውስጥ ተሰረቀበት፤ ዛሬ ማታ ወደ ሲያትል መመለስ አለብን

ናፍቆት (ጠያቂ)
ወገኖቼ፣ ቶሎ መልሱልኝ። አራት ጓደኛሞች ትናንት ጠዋት ከሲያትል ተነሥተን ቫንኩቨር አደርን። ዛሬ ከስታንሊ ፓርክ አጠገብ መኪናችንን አቁመን በባሕሩ ዳር በእግራችን ዞረን ስንመለስ፣ የኋለኛው በር መስታወት ረግፎ የአንዱ ጓደኛችን ቦርሳ የለም። ግሪን ካርዱ እዚያ ውስጥ ነበር። ነገ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሥራ ይገባል፤ አዲስ ቅጥር ስለሆነ መቅረት አይችልም። ያለ ካርዱ ድንበሩን ያሳልፉታል ወይስ እዚህ ትተነው እንሂድ? እኛ ሦስታችን የአሜሪካ ዜጎች ነን። ስልኬ ሊዘጋ ነው።

ባለመሪው
መጀመሪያ መስታወቱ። ወፍራም ላስቲክና ሰፊ ፕላስተር ግዙ፤ ስብርባሪውን በደንብ አራግፉና ከውስጥም ከውጭም ለጥፉት። አለበለዚያ አውራ ጎዳናው ላይ ስትፈጥኑ ነፋሱ ጆሮ ያደነቁራል፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ወንበሩ ይበሰብሳል።

ወለላ
አይዟችሁ። አይ-90 የሚባለውን ቅጽ በኢንተርኔት ይሙላ፤ ምትክ ካርድ ይልኩለታል።

ቁም_ነገር
ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ቅር አይበላችሁ። ቦርሳን ለመንገደኛ ዓይን ገላልጦ መኪና ውስጥ ትቶ መሄድ አዲስ አበባም ሆነ ቫንኩቨር ያው ነው። ሕጉ ራሱ 18 ዓመት የሞላው ቋሚ ነዋሪ ካርዱን ሁልጊዜ ይዞ ይንቀሳቀስ ይላል። የዛሬ ወጣት ስልኩን ለደቂቃ ከእጁ አይለይም፤ ካርዱን ግን ወንበር ላይ ጥሎ ፎቶግራፍ ሊነሣ ይሄዳል። ያ ድንበሩ ላይ የምታቋርጡት ፒስ አርች የሚባለው ቅስት የተሠራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ በአሜሪካው ወገን «የአንዲት እናት ልጆች» የሚል ተጽፎበታል። ይህ ግን ለሁለቱ መንግሥታት ወዳጅነት የተጻፈ እንጂ ወረቀት ለጣለ ሰው አይደለም።

ናፍቆት
ጋሼ፣ ምክሩን ሲያትል ስደርስ እሰማለሁ። አሁን ምን እናድርግ?

ሸዋ_በር
ጥያቄው ራሱ ትክክል አይደለም። «ያሳልፉታል ወይ» ብሎ ነገር የለም። ግሪን ካርዱ ውጭ አገር የጠፋበት ሰው ነገ ቫንኩቨር ያለው የአሜሪካ ቆንስላ ሄዶ አይ-131ኤ በሚባለው ቅጽ መመለሻ ሰነድ ማውጣት አለበት። ዛሬ እሑድ ነው፤ ስለዚህ እዚያው ይደር። ሥራው ከቀረ ይቅር።

የወረቀት_ሰው
ሸዋ_በር፣ የምትለው ሰነድ በአውሮፕላን ወይም በመርከብ ለሚመለስ ሰው ነው። አየር መንገዱ ያለ ሰነድ ተሳፋሪ ካመጣ ስለሚቀጣ አላሳፍርም ይላል፤ ለዚያ ነው ቆንስላ የሚኬደው። በራሱ መኪና ለሚመጣ ሰው አሳፋሪም ከልካይም የለም፤ ጉዳዩ የሚያልቀው በር ላይ ካለው መኮንን ጋር ነው።

ናፍቆት፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ጓደኛችሁ ፓስፖርት አለው? አሜሪካ የገባው መቼና በምን ነው?

ቀልደኛው_አራዳ
ምን ያስጨንቃችኋል? አራታችሁም ዜጎች ነን በሉ። እሑድ ማታ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማን ያጣራል? ካልሆነም ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ብርድ ልብስ አልብሳችሁ አስተኙት።

ትርሲት
አራዳ፣ ይህንን ቀልድ አንሣው። ዜጋ ሳይሆን «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ያለ ሰው በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜ ልኩን አሜሪካ እንዳይገባ ሊታገድ ይችላል፤ ምሕረቱም እጅግ ጠባብ ነው። ካርድ የጠፋበት ሰው ምትክ ያገኛል፤ ይህንን የተናገረ ሰው ግን መኖሪያውን ሊያጣ ይችላል። መኪናውን የምትነዱትም ብትሆኑ «ሁላችንም ዜጎች ነን» ብላችሁ አትመልሱለት። እያንዳንዱ ስለ ራሱ ይናገር።

ቀልደኛው_አራዳ
እሺ እህቴ፣ አነሣሁት። ግን ጫት ይዛችሁ ከሆነ ከወዲሁ ጣሉት፤ በሁለቱም አገር የተከለከለ ነው። ለተጨማሪ ፍተሻ ወደ ውስጥ መግባታችሁ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ ካርዱ ትንሹ ችግር ይሆናል። ይህንን የምለው ከልቤ ነው።

ወለላ
አይ-90 አልኳችሁ እኮ! ለምን አታዳምጡም?

ትርሲት
ወለላ፣ አይ-90 ትክክል ነው፤ ግን ቤቱ ከገባ በኋላ የሚሞላ ነው። ዛሬ ማታ በር አይከፍትለትም።

ናፍቆት
ፓስፖርቱ ሆቴል ስለነበር አልተሰረቀም፤ የኢትዮጵያ ነው። የመጣው በዲቪ ነው፤ ባለፈው ጥቅምት። መንጃ ፈቃዱ ግን ከቦርሳው ጋር ሄዷል።

የወረቀት_ሰው
ይህንን ከመጀመሪያው ብትነግሪን ኖሮ ግማሹ ንትርክ ባልተነሣ። ካናዳ እኮ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የግሪን ካርድ ባለቤት ካርዱን ብቻ ሳይሆን የዜግነቱንም ፓስፖርት እንዲያሳይ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ ፓስፖርት ሳይኖረው እንዳልቀረ ገምቼ ነበር።

አሁን ፓስፖርቱን አውጡና አዲስ አበባ ኤምባሲ የተለጠፈለትን የኢሚግራንት ቪዛ ገጽ ግለጡ። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ የታተመ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ፍሬ ነገሩ «የመግቢያ ማኅተም ሲያርፍበት ለ1 ዓመት የቋሚ ነዋሪነት ጊዜያዊ ማስረጃ ሆኖ ያገለግላል» የሚል ነው። አይ-551 የሚል ቁጥርም ታገኛላችሁ፤ የግሪን ካርድ የቅጽ ቁጥር ነው። ማኅተሙ ያለው እዚያው ላይ ወይም ሌላ ገጽ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን እዩ። ዓመቱ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው እንጂ ቪዛው ከተሰጠበት ቀን አይደለም። ጥቅምት ከገባ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ስለዚህ ካርዱ ቢሰረቅም በእጁ ያለው ገጽ ሕጋዊ ማስረጃ ነው።

በር ላይ ስትደርሱ ፓስፖርቱን በዚያ ገጽ ገልጦ ይስጥና «ግሪን ካርዴ ዛሬ ቫንኩቨር ተሰረቀብኝ» ይበል። ከዚህ የዘለለ ታሪክ አያስፈልግም። ወደ ውስጥ ሊጠሩት ይችላሉ፤ የጣት አሻራውን አንሥተው መዝገቡን ያያሉ። ቋሚ ነዋሪነቱ ያለው መዝገቡ ላይ ነው፤ ካርዱ ሲጠፋ እርሱ አብሮ አይጠፋም። መጠበቅ ሊኖር ስለሚችል ስልካችሁን አሁኑኑ ቻርጅ አድርጉ።

ሸዋ_በር
ማኅተሙ ባይኖርስ? ወይም ዓመቱ አልፎ ቢሆንስ? ሁሉ ሰው በዲቪ ትናንት የመጣ አስመሰልክ።

የወረቀት_ሰው
ጥሩ ጥያቄ ነው። ያኔም ወደ የብስ ድንበር መምጣት ይችላል፤ ነገር ግን ጉዳዩ በመኮንኑ ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። ሰነድ ስለሌለህ ይቅርታ ጠይቅ ብለው አይ-193 የሚባል ቅጽ ሊያስሞሉትና ክፍያ ሊጠይቁት ይችላሉ። ሌሊቱም ሊረዝም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የካርዱን ፎቶግራፍ፣ ባይኖር ደግሞ በኤ ፊደል የሚጀምረውን ቁጥሩን፣ በስልኩ ቢይዝ ሥራው ይቀልላል። ለእናንተም ቢሆን ካርዱን ፎቶ አንሥቶ ለቤተሰብ ልኮ ከነበረ ፈልጉት።

ትርሲት
ከመነሣታችሁ በፊት ስርቆቱን ለቫንኩቨር ፖሊስ አስመዝግቡ፤ በኢንተርኔትም ይቻላል። የመዝገብ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉት። ለምትኩም ካርድ፣ ለመስታወቱም ኢንሹራንስ ይጠቅማችኋል።

ባለመሪው
ኢንሹራንስ ከተነሣ፣ ላስቲኩን ከመለጠፋችሁ በፊት ስብራቱን ፎቶ አንሡ። ደግሞ ፒስ አርች ሰልፉ ከበዛ፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ የጭነት መኪና የሚያልፍበት ፓስፊክ ሃይዌይ የሚባል በር አለ፤ ለቤት መኪናም ክፍት ነው። የመጠበቂያው ሰዓት ከበሩ በፊት በመንገዱ ሰሌዳ ላይ ይታያል። ኔክሰስ በሚለው መስመር ግን በስሕተት እንዳትገቡ፤ እርሱ አስቀድመው የተመዘገቡ ሰዎች መስመር ነው፤ መኪና ውስጥ ያለው ሁሉ ካልተመዘገበ ያስቀጣል።

ናፍቆት
ገጹን አገኘነው!! ማኅተሙም አለ፣ ከጥቅምት። ፖሊሱን በኢንተርኔት እየሞላን ነው። 4 በመቶ ቀረኝ።

ቁም_ነገር
እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ከእንግዲህ ቦርሳ መኪና ውስጥ

ቁም_ነገር
ሳልጨርስ ተላከብኝ። መኪና ውስጥ አይተው ለማለት ነው።

ወለላ
ናፍቆት፣ ተሻገራችሁ? እኩለ ሌሊት ሆኗል። ሲያትል ሲደርስ አይ-90ን እንዳይረሳ ንገሪው።

መንገደኛ
ስለማቋርጥ ይቅርታ። የአክስቴ ልጅ ቡፋሎ ነው የሚኖረው። ጥገኝነቱ ተፈቅዶለታል፤ ግሪን ካርዱ ግን ገና ነው። ቅዳሜ ከጓደኞቹ ጋር ናያግራን በካናዳ በኩል አይቶ አድሮ መመለስ ይፈልጋል። ከላይ የተባለው ለእርሱም ይሠራል?

የወረቀት_ሰው
አይሠራም፤ ቅዳሜ እንዳይሄድ። እርሱ የስደተኛ የጉዞ ሰነድና የካናዳ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በሳምንት ውስጥ አይደርሱም። ከሸሸው መንግሥት ባገኘው ፓስፖርት መንቀሳቀሱም ሌላ ጥያቄ ያስነሣበታል። ፏፏቴው በአሜሪካ በኩልም ይታያል፤ ቀረብ ብሎ ይረጥባል እንጂ ምንም አይቀርበትም። ለዝርዝሩ የራስህን ጥያቄ ለብቻ ክፈትና ጠበቃ ያላቸው ሰዎች ይመልሱልህ።