ከድሬ ነኝ፤ ለሦስተኛ ዓመት የትኞቹን የሙዚቃ ኮርሶች ልያዝ?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሙዚቃ ተማሪ ነኝ። ሁለተኛ ዓመቴን ጨርሼ ለእረፍት ድሬ ገብቻለሁ። ከመመለሴ በፊት ለሦስተኛ ዓመት የምይዛቸውን ኮርሶች መወሰን አለብኝ። ግዴታ በሆኑት ላይ ጥያቄ የለኝም። ሃርመኒ (ድምፆችን አጣምሮ የማስሄድ ትምህርት)፣ ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ ማንበብ)፣ የሙዚቃ ታሪክና ሜጀር መሣሪያዬ ፒያኖ ያው ይቀጥላሉ። የጨነቀኝ ኢሌክቲቮቹ ናቸው። ከአራት ሁለት መርጬ እይዛለሁ፤ የቀረጻ ቴክኖሎጂ፣ የሙዚቃ ማስተማር ዘዴ፣ ኢትኖሚዩዚኮሎጂ (የሕዝቦችን ሙዚቃ ከባህላቸው ጋር የሚያጠናው) እና የጃዝ ሃርመኒ።

ስለ ራሴ ትንሽ ካልነገርኳችሁ ምክራችሁ ላይገጥመኝ ይችላል። ኪቦርድ የጀመርኩት በ14 ዓመቴ ነው። ቁጭ ብሎ ያስተማረኝ ሰው የለም። አጎቴ የሰርግ ባንድ ውስጥ ይጫወት ነበር፣ ዕቃውን እኛ ቤት ያስቀምጣል። እሱ ሲወጣ እኔ እነካካለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ባስተኛበት ሰዓት፣ ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ተራ በተራ ነካሁ። የትዝታ ቅኝት ሆነ! እናቴ ከጓዳ ወጥታ «ሬዲዮ ማን ከፈተ?» አለች። ያቺ ቀን እስከ ዛሬ ከውስጤ አልወጣችም።

ከዚያ አጎቴ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። የድሬን ሰርግ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በአንድ ማታ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛ፣ ሐረሪኛ፣ ጉራጊኛ ይዘፈናል። ዘፋኙ መጥቶ ጆሮዬ ላይ ያንጎራጉርልኛል። እኔ ትራንስፖዟን (የኪቦርዱን ድምፅ ከፍና ዝቅ የምታደርገዋን ቁልፍ) ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጌ ድምፁ ላይ አመጣታለሁ፣ እጄ የለመደበት ቦታ ይቆያል። በዚህ ዓይነት ዓመታት ተጫወትኩ። የኖታ ስም ግን አላውቅም ነበር።

የመግቢያ ፈተናውን በጆሮዬ ነው ያለፍኩት። የተመታልኝን ዜማ መልሼ ዘመርኩ፣ የተጨበጨበልኝን ምት መልሼ አጨበጨብኩ። ክፍል ውስጥ ወረቀት ሲመጣ ግን ከሁሉም ኋላ ቀረሁ። አንድ መምህር ተማሪ ሁሉ እየሰማ «ይሄ የሰርግ እጅ ነው» አለኝ። ለክፋት አላለውም ብዬ አምናለሁ፣ ግን አሞኛል። አሁን አነባለሁ፤ ቀስ ብዬ ቢሆንም አነባለሁ።

አባቴ የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው። «የማስተማሩን ያዢ፣ እሱ እንጀራ አለው» ይለኛል። አጎቴ ቀረጻ ይላል። የክፍል ጓደኞቼ በሙሉ ጃዝ ሃርመኒ ሊይዙ ነው። የእኔ ልብ ያለው ኢትኖው ላይ ነው። ምክንያቱ አያቴ ናት። የእናቴ እናት ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው የምትኖረው። ከረቡ የሚባለውን ከበሮ እየመታች የድሮ የሰርግ ዘፈን ስትዘፍን በስልኬ ቀድቻታለሁ። ወደ ኖታ ልገለብጠው ሦስት ቀን ሞከርኩ። ዜማውን አገኘሁት። ምቱን ግን ከየት ጀምሬ እንደምቆጥር ጠፋኝ። አንዴ ሦስት ይሆንልኛል፣ አንዴ ሁለት። ቅጂውን ስሰማ ልክ ነው፣ ወረቀቴን ስጫወተው ሌላ ዘፈን ይሆናል። በዚህ አቅሜ ያንን ኮርስ ልያዝ ወይስ የአባቴን ልስማ? በዚህ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

—

ኪቦርዲስት ከገንደ ቆሬ፦

አቦ እህት፣ እንኳን ደህና መጣሽ ወደ ቤትሽ። እኔ ዩኒቨርሲቲ አልገባሁም። ትንሽ ስቱዲዮ አለችኝ፣ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ እሠራለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ብቻ ልናገር።

ቀረጻን ለሶፍትዌሩ ብለሽ ከሆነ አትያዢው። ሶፍትዌሩን ላፕቶፕሽ ላይ ከቪዲዮ ትማሪዋለሽ፣ እኔም እንደዛ ነው የተማርኩት። ቪዲዮ ያላስተማረኝ ማይክ ማስቀመጥን ነው። መጀመሪያ ማሲንቆ የቀዳሁ ጊዜ ማይኩን ደጋኑ አጠገብ ለጠፍኩት። የወጣው የጭራው ፍግፈጋ ብቻ ነው፣ ዜማው ከሥር ተቀብሯል። ራቅ አድርጌ፣ ወደ ሳጥኑ ቆዳ አዙሬ፣ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀይሬ ነው ያገኘሁት። ከበሮ ደግሞ ማይኩ ሲቀርበው ድምፁ ይፈነዳል። የአያትሽን ከረቡና ድምፅ በአንድ ስልክ ከቀዳሽው ምቱ የጠፋሽ ለዚያም ሊሆን ይችላል፤ ከበሮው ድምፁን ውጦት ይሆናላ። ኮርሱ ላይ በእጅ የሚሠራ ልምምድ ካለው ያዢው። ቦርድ ላይ ብቻ ከሆነ ይቅርብሽ።

ስለ «ሰርግ እጅ» ደግሞ፣ ወላሂ አትዘኚ። አሊ ቢራ እዚሁ ድሬ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ አፍረን ቀሎ ቡድን ውስጥ ነው ያደገው። የእኛ ከተማ ሙዚቀኛ ከሰው መሀል ነው የሚወጣው።

—

የሐረር መምህርት፦

አባትሽን በአንድ ቃል አትለፊያቸው እህቴ። አንደኛ ደረጃ ላይ የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። እኔ እሱን አስተምራለሁ። ሙዚቃ፣ ቴአትርና ሥዕል አንድ ላይ ነው የሚሰጠው። የተማርኩት ሥዕል ነበር። ሙዚቃው ላይ ስደርስ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው እያልኩ ሌሊት እጨነቅ ነበር።

ክፍሌ ውስጥ መሣሪያ የሚባል ነገር የለም። ያለን እጅ፣ እግርና ድምፅ ነው። አንድ ቀን ከኋላ የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ አፉን ያልከፈተ ልጅ ዴስኩን በጣቱ ሲመታ ሰማሁት። ከቤቱ ያመጣው ምት ነው። እሱን መሪ አደረግሁትና ክፍሉ በሙሉ ተከተለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ያወጣል። ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ግን አላወቅኩም። ከዚያ ምት ወደ ቀጣዩ ትምህርት የሚወስደኝን መንገድ የሚያውቅ የሙዚቃ ሰው ነው። እንዳንቺ ያለ ሰው ማለት ነው።

የማስተማር ዘዴው በየዓመቱ የሚሰጥ ከሆነ ግን ለአራተኛ ዓመት ብታሳድሪው አይጎዳሽም። መጀመሪያ የምታስተምሪው ነገር በእጅሽ ይግባ። ዲፓርትመንቱን ጠይቂ፤ አንዳንዱ ኮርስ ዓመት እየዘለለ ነው የሚከፈተው።

—

የድሮ ተማሪ፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም ሙዚቃ ተምሬ፣ ብዙ ዓመት ክራር አስተምሬ፣ አሁን ድሬ ተመልሻለሁ። ረዘም ባደርገው ይቅር በይኝ፤ ነገሩ ስለሚገባኝ ነው።

መጀመሪያ ሃርመኒው ለምን እንደከበደሽ እንይ። ንባቡ ብቻ አይመስለኝም። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ ነው። ፋ የለውም፣ ሲ የለውም። ሃርመኒ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ የሚያስተምሩሽ ከአምስተኛው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ወደ አንደኛው መመለስን ነው። አምስተኛው ኮርድ ሶ፣ ሲ፣ ሬ ነው። ሰባተኛ ሲጨመርበት ፋ ይገባል። አየሽ? ያ ትምህርት የቆመባቸው ሁለት ድምፆች ጆሮሽ ባደገበት ቅኝት ውስጥ የሉም። ሰርግ ላይ ግራ እጅሽ ምን ይይዝ ነበር? ዶና ሶ ብቻ አይደል? ሚዋን ትተሻት ነበር። ማንም ሳይነግርሽ ጆሮሽ ነው ያን ያደረገው። ስለዚህ ሃርመኒውን አጥብቀሽ ተማሪው፣ ግን የሌላ አገር ቋንቋ እንደምትማሪ ሆነሽ ተማሪው። የራስሽ ቋንቋ የተሳሳተ ሆኖ አይደለም።

የአንቺሆዬን ቅኝት በፒያኖ ሞክሪው። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ ፍላት፣ ላ። ከሥሩ ተራ የዶ ሜጀር ኮርድ አስቀምጪበት። ሶ ከሶ ፍላት፣ ሚ ከፋ ጋር ሲጋጩ ትሰሚያለሽ። ከዚያ ኮርዱን አንሺና ዶን ብቻ ይዘሽ ዜማውን ድገሚው። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይወጣዋል።

ለዚህ ነው ጃዝ ሃርመኒን አሁን አትያዢ የምልሽ። ግሩም ትምህርት ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ተምሮ የእኛን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር ሲያገናኝ ሁለቱንም ጠንቅቆ አውቆ ነው። አንቺ ገና የመጀመሪያውን ሃርመኒ እያጠናሽ ነው። ጓደኞችሽ ስለያዙት ብቻ አትግቢበት። በአራተኛ ዓመት ትደርሺበታለሽ።

አሁን ወደ አያትሽ ልምጣ። አንዴ ሦስት፣ አንዴ ሁለት ሆነብኝ ያልሽው የጆሮሽ ድካም አይደለም። ስድስት ፈጣን ምት አለ እንበል። ሦስት ሦስት አድርገሽ ስትቆጥሪው ሁለት ትልልቅ ምት ይወጣል፣ እንደ ችክችካ። ሁለት ሁለት ስታደርጊው ሦስት ይሆናል። ከበሮ አንዱን ይዞ ዜማው ሌላውን ሊይዝ ይችላል፣ በእኛ አገር ሙዚቃ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ወረቀትሽ አንዱን ብቻ ስለመረጠ ነው ዘፈኑ የተለወጠብሽ። እንዲህ አድርጊ። ከበሮውን ለብቻ በአንድ መስመር ጻፊ። ዜማውን ከላይ በሌላ መስመር ጻፊ። የመስመር መቁረጫውን (ምቶቹን በየቡድን የሚለየውን ቋሚ መስመር) ገና አታስቀምጪ። ከዚያ አያትሽ ዘንድ ተመለሽና እጃቸውን ሳይሆን እግራቸውንና ትከሻቸውን እዪ። የት እንደሚተነፍሱም ስሚ። መቁረጫው እዚያ ነው ያለው። እዚያ አካባቢ ከባል የሚባሉትን እንጨቶች የሚያጋጩ ሴቶች ካሉ፣ አብረው ሲዘፍኑ አንድ ጊዜ ቅጂ። የእንጨቱ ድምፅ ጥርት ያለ ስለሆነ ለመቁጠር ይረዳሻል።

ኢትኖሚዩዚኮሎጂ የሚያስተምርሽ ይሄንን ነው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት አሸናፊ ከበደ ራሳቸው አቀናባሪ ነበሩ፣ ዶክትሬታቸውን ግን አሜሪካ ሄደው የሠሩት በዚህ መስክ ነው። ቫዮሊንም ክራርም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚሰጥበት አገር ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። አንቺ ደግሞ አምስት ቋንቋ በሚዘፈንበት ሰርግ ላይ ያደግሽ ልጅ ነሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከመመዝገብሽ በፊት የኮርሱን ሲላበስ ጠይቂ። መስክ ወጥተሽ ቀድተሽ፣ ገልብጠሽ የምታስረክቢው ሥራ አለበት? ከውጤቱ ስንት ይይዛል? ንባብና ፈተና ብቻ ከሆነ መምህሩን ቀርበሽ የአያትሽን ቅጂ እንደ ፕሮጀክት ይቀበሉሽ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ብዙ መምህር እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣለት ደስ ይለዋል።

—

የሳቢያን ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንቺሆዬውን ትናንት ማታ ሞከርኩት። እኛ ቤት ያለው ኪቦርድ ነው፣ ግን ትራንስፖዟን ዜሮ ላይ አድርጌ። ኮርዱን ሳነሳው አባቴ ከበረንዳ «አሁን ገና ተስተካከለ» አለኝ። ሙዚቃ አልተማረም እኮ።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ሄድኩ። አያቴ ነደባ (የሐረሪ ቤት መደብ) ላይ ተቀምጣ ነበር። ምንም ሳልነግራት ዝፈኚልኝ አልኳት። ከረቡውን ስትመታ እጇን ማየት ለምጄ ስለነበር እግሯን ማየት ከበደኝ። ቀኝ እግሯ በጣም በቀስታ፣ በአውራ ጣቷ ብቻ፣ ከበሮው ሦስት ሲል እሷ ሁለት ትላለች! እግሯን ተከትዬ አጨበጨብኩ። አቋርጣ ቀና ብላ አየችኝና «ያን ጊዜ ለምን እንዲህ አላደረግሽም?» አለችኝ። ለካ ባለፈው ስቀዳት ከበሮውን ተከትዬ ሳጨበጭብ እያሳሳትኳት ነበር። እኔን ላለማስከፋት ዝም ብላ ቀጥላለች።

የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ በ2016 ዓ.ም በዩኔስኮ ሲመዘገብ በጣም ተደስቼ ነበር። ዛሬ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። አያቴ ጓዳ ውስጥ የምትዘፍነውን ማንም አልመዘገበውም። እሷ 78 ዓመቷ ነው።

ኢትኖውን እይዛለሁ። ሁለተኛው ቀረጻ ይሆናል፣ ሲላበሱ ላይ የማይክ ልምምድ ካለበት። የሐረሯ መምህርት፣ ዲፓርትመንት ደውዬ ጠየቅሁ። የማስተማር ዘዴው በየዓመቱ ይከፈታል አሉኝ፣ ስለዚህ ለአራተኛ ዓመት አሳድሬዋለሁ። አባቴንም አነጋግሬዋለሁ። ስለ ዴስኩ ልጅ የጻፍሽውን አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እሺ፣ ግን አራተኛ ዓመት ላይ እንዳትረሺ» አለ።

አሁን የሚያሳስበኝ ቅጂው ነው። ማክሰኞ የአያቴ ጎረቤቶች ከባል ይዘው ይመጣሉ፣ አራት ሆነው ሊዘፍኑልኝ ነው። ያለኝ አንድ ስልክ ብቻ ነው። ክፍሉ ደግሞ ጠባብ ነው፣ ግድግዳው በሙሉ ሰሃንና ሞሰብ የተሰቀለበት። ከበሮው ድምፃቸውን እንዳይውጠው ስልኩን የት ላስቀምጠው?

—

ኪቦርዲስት ከገንደ ቆሬ፦

በስልክ አትቅጂ። ሁለት ማይክና ትንሽ መቅረጫ አለኝ፣ ሰኞ ማታ ከአጎትሽ ጋር መጥታችሁ ውሰዱ። ሰርጎቹ ላይ ስለማውቀው አምነዋለሁ። አንዱን ለዘፋኞቹ፣ ከአፋቸው ከፍ አድርገሽ፤ አንዱን ለከረቡው፣ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ ወደ ጎን ዞሮ። ሰሃኖቹ አብረው እንዳይንጫረሩ ከኋላ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀዪ። መጀመሪያ ከበሮውን በጣም ጮክ አድርገው እንዲመቱት ንገሪያቸውና በዚያ ልክ ድምፁን ቀንሺ፤ ሲሞቃቸው ከዚያ በላይ ይመታሉ። ባትሪም ትርፍ ያዢ፣ መብራት ቢጠፋ እንዳትቆሚ። እስከ ዓርብ መልሺልኝ፣ ቅዳሜ ሰርግ አለብን።