የሞተር ሙቀት ሴንሰርን ቤት ውስጥ መቀየር

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
የቆየችው የቤንዚን መኪናዬ ከሞቀች በኋላ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፤ ነዳጅም ትበላለች። መካኒኩ የሙቀት ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎኛል። ራሴ ልቀይረው እችላለሁ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ይችላሉ፤ ሆኖም ከመግዛትዎ በፊት ይለኩት። ሶኬቱን ነቅለው በሴንሰሩ ሁለት እግሮች መካከል ያለውን የኤሌክትሪክ መቋቋም (በኦም) በመልቲሜትር ሲለኩ፣ በብዙ የጃፓን መኪኖች ንባቡ በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ከ200 እስከ 400 ኦም ገደማ ይሆናል። ሞተሩ ሞቆ ንባቡ ካልወረደ፣ ነዳጁን የሚመጥነው የመኪናው ኮምፒውተር ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ስለሚቆጥር ቤንዚን ያበዛል። ባለ አንድ ሽቦው ሴንሰር ብዙውን ጊዜ የጌጁ (የዳሽቦርዱ ሙቀት ማሳያ) ነውና እንዳያምታታዎት።

መልስ፣ ከደጀን፦
ወንድሜ፣ የዓባይን በረሃ ወጥተው እንደደረሱ የራዲያተሩን ክዳን እንዳይነኩ፤ የታመቀው የፈላ ውሃ ፊት ይልጣል። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ውሃ አጉድለው አሮጌውን ይፍቱ፤ አዲሱን ከነወሸሩ መጀመሪያ በእጅ ያስገቡት። ጥርሱ ብዙ ጊዜ ናስ ስለሆነ በቁልፍ አብዝተው አያጥብቁት።

ጠያቂው፦
ለካሁት፤ ሞተሩ ሞቆም ንባቡ 2,600 ላይ ቆሟል። ሶኬቱ ውስጥም አረንጓዴ ዝገት አለ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
እንግዲያው ሴንሰሩን ይቀይሩ፤ ሶኬቱንም ሳያጸዱ አይግጠሙ።