«ሾርትስቶፕ» በአማርኛ ምን ይባላል?

ፊደለኛ፦ የቤዝቦሉን «ሾርትስቶፕ» «አጭር ማቆሚያ» ብሎ መተርጎም ያስኬዳል? ያጠረው ማን ነው፣ ሰውየው ወይስ ማቆሚያው?

ቤዝ ሁለት፦ ማንም አላጠረም። «ሾርት» እዚህ ላይ «ቅርብ» ማለት ነው። በ1840ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ኳሷ እጅግ ቀላል ስለነበረች ከሜዳው ዳር የሚወረውራት ሰው እስከ ቤዙ (ሯጮች እየረገጡ የሚያልፉበት የሜዳው ምልክት) አያደርሳትም ነበር። የኒው ዮርኩ የኒከርቦከርስ ክለብ ተጫዋች ዶክ አዳምስ መሃል ላይ እየቆመ ተቀብሎ ማቀበል ጀመረ፤ ቦታውን የፈጠረው እሱ ነው ይባላል። ኳሷ ጠንክራ ራቅ ብላ መወርወር ስትችል ቦታው ወደ ውስጥ ገባ፣ ስሙ ግን ቀረ። ዛሬ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል ይቆማል።

አንድምታ፦ «አማካይ» ብንለውስ?

ቤዝ ሁለት፦ አይሆንም። የእግር ኳሱ አማካይ ያጠቃልም፣ ይከላከልም። ሾርትስቶፕ ግን ቡድኑ ሲከላከል ብቻ ያለ ቦታ ነው። ቡድኑ የመምታት ተራ ሲደርሰው ሰውየው ዱላ ይዞ እንደማንኛውም መቺ ይሰለፋል። «ጎል»ንና «ፔናልቲ»ን እንዳሉ የተቀበልን ሰዎች «ሾርትስቶፕ»ም አይከብደንም።

ፊደለኛ፦ «6-4-3» ሲሉስ? የማሊያ ቁጥር ነው?

ቤዝ ሁለት፦ የቦታ ቁጥር ነው። 1 ወርዋሪው፣ 2 ከመቺው ኋላ የሚቀበለው፣ 3፣ 4 እና 5 የአንደኛ፣ የሁለተኛና የሦስተኛ ቤዝ ጠባቂዎች፣ 6 ሾርትስቶፕ። ሯጭ በአንደኛ ቤዝ ላይ እያለ መሬት ለመሬት የመጣችውን ኳስ 6 ያነሳል፤ 4 ሁለተኛውን ቤዝ እየረገጠ ይቀበልና ለ3 ይወረውራል። ሁለት ሰው፣ ሯጩም መቺውም፣ በአንድ ምት ወጣ ማለት ነው፤ «ዳብል ፕሌይ» የሚሉት ይህን ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው መጀመሪያው ላይ ነው። ሾርትስቶፑ ኳሷን ሳይጨብጥ ዓይኑን ወደ ሯጩ ካነሳ በጓንቱ ሥር ታልፋለች። ጓንቱ መሬት ነክቶ መጠበቅ አለበት፤ ከታች ወደ ላይ ማንሳት ከላይ ወደ ታች ከማውረድ ይፈጥናልና። ለ4 የሚሰጠውም በደረቱ ትይዩ ነው። ሦስት አራት እርምጃ ብቻ ከራቀ ደግሞ አንጓውን ሳያጥፍ ከሥር ያቀብላል፤ ከቅርብ በኃይል የተወረወረችን ኳስ ቤዝ እየረገጡ መያዝ ያስቸግራል።

አንድምታ፦ «ዳብል ፕሌይ»ን እንግዲህ «ሁለት በአንድ» እንበለው?

ቤዝ ሁለት፦ ይሄ ተስማምቶኛል።