ከዓመታት በኋላ ወደ ብስክሌት ለተመለሰ ሰው የሚሆነው የትኛው መጽሔት ነው?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጆቼ አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ስለ ጀመሩ ጊዜ አገኘሁና ብስክሌት ገዛሁ። በወጣትነቴ እነዳ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሥራውም ቤተሰቡም ሲበዛብኝ ተውኩት። አሁን የምፈልገው ወደ ሥራ ደርሶ ለመመለስና ቅዳሜና እሁድ ከከተማ ወጣ ብሎ አየር ለመቀበል ነው፤ ውድድር አላስብም። ብዙ ነገር ተለውጦ ስላገኘሁት በየጊዜው የማነበው አንድ ጥሩ መጽሔት ብይዝ ደስ ይለኛል። እስካሁን ያገላበጥኳቸው ግን ስለ ሻምፒዮኖች፣ ስለ ልብ ምት መለኪያና ስለ ብስክሌት ክብደት የሚያወሩ ናቸው። ለእንደ እኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ታውቁ ይሆን? የምንኖርበት አገር የተለያየ ስለሆነ የየአገሩን ብትጠቁሙ ለሌላውም ይተርፋል።

የመጀመሪያ ምላሽ

እህቴ፣ እንኳን ወደ ብስክሌት ተመለሱ። ያጋጠመዎት ነገር የሚያስገርም አይደለም፤ በመደርደሪያ ላይ ጎልተው የሚታዩት የብስክሌት መጽሔቶች አብዛኞቹ ከውድድር ጋር የተቆራኙ ናቸው። የእንግሊዙ ሳይክሊንግ ዊክሊ እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ የሚታተም አንጋፋ መጽሔት ነው፤ ትኩረቱ ግን በዋናነት ተወዳዳሪዎችና ልምምድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ሩለር በፎቶግራፉና በረጃጅም ሐተታዎቹ የሚደነቅ ቢሆንም የሚጻፈው የውድድሩን ዓለም ለሚወዱ ነው። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የቀን ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ ለሚመራው የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ሲለብስ በደስታ ያለቀስን ሰዎች እንዲህ ያሉ መጽሔቶችን በፍቅር እናነባለን። እርስዎ የጠየቁት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥራ ውለው በዝናብ ወደ ቤት የሚመለሱበትን መንገድ የሚያውቅ መጽሔት ነው የሚፈልጉት።

እንዲህ ዓይነቱን ለማግኘት መጀመሪያ የመጽሔቱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ይመልከቱ። በማስታወቂያ የሚተዳደር መጽሔት ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም፤ ጥሩ ጥሩ ጋዜጠኞች ይጽፉበታል። ሆኖም ገጹን የሚሞላው አዲስ የወጣ ዕቃ ስለሆነ አንባቢው ያለውን ብስክሌት እየናቀ እንዲሄድ ያደርገዋል። የአንዱ ብስክሌት ክብደት ከሌላው በጥቂት መቶ ግራም መቅለሉ በሰፊው ይተነተናል። ብስክሌቱን አስሮ ሥራ የሚገባ ሰው የሚይዘው ጠንካራ ቁልፍ ግን ብቻውን ከአንድ ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ከሱቅ ሳይወጡ አንዱን እትም ገለጥ ገለጥ ያድርጉና ፎቶግራፎቹን ብቻ ይዩ። ተራ ልብስ የለበሰ ሰው አለ? ፓራፋንጎና ቅርጫት ያለው ብስክሌት አለ? በእርስዎ ዕድሜ ያለች ሴት በየትኛውም ገጽ ላይ ትታያለች? ከሌለች ጽሑፉም እርስዎን አላሰበም።

በሽያጭ ላይ ካሉት መካከል ለተመላሽ ነጂ የሚቀርቡ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1961 የተጀመረው የአሜሪካው ባይሲክሊንግ ለጀማሪ በሚገባ ቋንቋ ስለ ጤና፣ ስለ መንገድ ደኅንነትና ስለ ጥገና ይጽፋል፤ የዕቃ ግምገማው በዛ ይላል እንጂ ሊነበብ የሚገባው ነው። የእንግሊዙ ሳይክሊንግ ፕላስም ሳይወዳደሩ በአስፋልት ረጅም መንገድ መሄድ ለሚወዱ ይስማማል። ከካናዳ የተነሣውና አሁን በድረ ገጽ የሚወጣው ሞሜንተም ደግሞ ከመጀመሪያውም ስለ ውድድር ሳይሆን ብስክሌትን በከተማ ለዕለት ተዕለት ኑሮ ስለ መጠቀም የሚጽፍ ነው።

እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምመክርዎት ግን የብስክሌት ነጂዎች ማኅበራት ለአባሎቻቸው የሚያዘጋጁትን መጽሔት ነው። እነዚህ በየሱቁ ስለማይታዩ አዲስ የገባ ሰው መኖራቸውን እንኳ አይሰማም። በእንግሊዝ ሳይክሊንግ ዩኬ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1878 የተመሠረተ ሲሆን ሳይክል የተሰኘ መጽሔት አለው። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው አዴኤፍሴ (ADFC) የተባለው የብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ራድቬልት የተባለውን ያዘጋጃል። በአሜሪካ ደግሞ አድቬንቸር ሳይክሊንግ አሶሲየሽን አድቬንቸር ሳይክሊስት የተባለ መጽሔት አለው። የዚህኛው ማኅበር ታሪክ ራሱ ደስ ይላል፦ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 ሁለት መቶኛ ዓመቷን ስታከብር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በብስክሌት ጉዞ እንዲያከብሩ ሲባል ከጠረፍ እስከ ጠረፍ 6,800 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም መንገድ ተቀየሰ። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ እንደ ማንኛችንም ተራ ሰዎች ነበሩ። ማኅበሩ የተወለደው ከዚያ ነው፤ መጽሔቱም እስከ ዛሬ ሻንጣውን ጭኖ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ይጽፋል።

በእነዚህ መጽሔቶች ውስጥ አንባቢው ገዢ ሳይሆን አባል ነው። ስለዚህ የሚያነሡት ጉዳይ ይለያል፦ የትኛው መንገድ ለነጂ አደገኛ እንደ ሆነ፣ ከተማው የብስክሌት መስመር እንዲሠራ እንዴት አቤቱታ እንደሚቀርብ፣ ብስክሌት በባቡር እንዴት እንደሚጫን፣ በቆሙ መኪኖች አጠገብ ሲያልፉ በድንገት ከሚከፈት በር ስንት ርቀት መራቅ እንደሚገባ። አባልነቱ ራሱም ጥቅም አለው። በሳይክሊንግ ዩኬም ሆነ በአዴኤፍሴ አባል የሆነ ሰው ብስክሌት ሲነዳ በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ሽፋን ያገኛል። በሰው አገር የአንድን መኪና ጎን ጭረው ካሳ ሲጠየቁ ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሚሰጥ መገመት አያቅትም።

ሁለተኛ ምላሽ

ከላይ የተባለውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልጨምር። መጽሔቱ የየትኛውን አገር መንገድ እያሰበ እንደሚጻፍ ማወቅ የግድ ነው። በተለይ ለእኛ፣ በአንድ አገር እየኖርን በሌላ አገር ቋንቋ ለምናነብ ሰዎች፣ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ለምሳሌ ፍሬንን እንውሰድ። በእንግሊዝ በሚሸጥ ብስክሌት ላይ የፊት ጎማውን ፍሬን የሚይዘው የቀኝ እጅ ነው። በአሜሪካና በአብዛኛው የአውሮፓ አገር ግን የግራ እጅ ነው። በእንግሊዝ መጽሔት ብስክሌትን በድንገት ስለ ማቆም አንብቦ በጀርመን መንገድ ላይ የሚሞክር ሰው የተነገረውን በተቃራኒው እጅ ማድረግ አለበት። ወደ ጎዳና መታጠፍም እንዲሁ ነው፤ በግራ በሚነዳበት አገር የተጻፈ ምክር በቀኝ በሚነዳበት አገር ይገለበጣል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ እጥፍ መጠንቀቅ አለበት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጠረው ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ እገዛውን የሚያቆም ነው። በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ግን ሕጉ በሦስት ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ ከእነዚህ አንዱ ፔዳል ሳይረገጥ በእጅ በሚነካ የፍጥነት መስጫ የሚሄድ ሲሆን ሌላው በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ እስኪደርስ የሚያግዝ ነው። የአሜሪካ መጽሔት ያሞገሰውን እንዲህ ያለ ብስክሌት በአውሮፓ መንገድ ላይ ያወጣ ሰው በሕግ ፊት የሞተር ተሽከርካሪ ነው የሚነዳው፤ መንጃ ፈቃድና ሰሌዳ ሊጠየቅ ይችላል።

መኪና ብስክሌትን ሲቀድም ሊተው የሚገባው ርቀትም ከአገር አገር ይለያያል። በጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በከተማ ውስጥ ቢያንስ 1.5 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር ነው። በፈረንሳይ በከተማ 1 ሜትር፣ ከከተማ ውጭ 1.5 ሜትር ነው። መብቱን የሚያውቅ ነጂ ወደ መንገዱ ዳር ተጣብቆ አይሄድም። ይህን የሚነግርዎት የሚኖሩበት አገር መጽሔት ነው። ቋንቋው ቢከብድዎትም እሱን ይያዙ። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ሥዕል አላቸው፣ ቃላቱም በየቀኑ መንገድ ላይ የሚያዩአቸው ነገሮች ስሞች ናቸው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ስለ ማኅበራቱ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ከነዳሁ በኋላ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ሁለተኛ፣ ከመነዳሪ ለመግዛት ሄጄ ቁጥሩ ግራ አጋባኝ፤ ጎማው ላይ ሦስት ዓይነት ልክ ተጽፏል። እንዲህ ያለውን የሚያስረዳ መጽሔት አለ?

የመጀመሪያው መላሽ

ጥሩ መጽሔት የሚለየው እንደነዚህ ባሉ ጥያቄዎች ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ገጽ አጥርቶ ካስረዳ ገንዘብዎን ይገባዋል።

ጉልበት ከፊት በኩል ሲያም ብዙውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ግድግዳ ተደግፈው ኮርቻው ላይ ይቀመጡ፤ ፔዳሉን ወደ ታች መጨረሻ ያውርዱትና ተረከዝዎን ያሳርፉበት። እግርዎ በዚያን ጊዜ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ እንደ ወትሮው በእግርዎ የፊት ክፍል ሲረግጡ ጉልበትዎ በትንሹ ታጥፎ ይቀራል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከፍ ሲያደርጉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ይጀምሩ፣ ጥቂት ነድተው ይዩት። ሕመሙ ካልተወዎት ግን ሐኪም ያማክሩ፣ መጽሔት ሐኪምን አይተካም።

ወደ ጎማው ስንመጣ፣ ጎኑ ላይ እንደ 37-622 ያለ ጽሑፍ ይፈልጉ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር፣ ማለትም በመሐሉ አልፎ ከዳር እስከ ዳር ያለው ርቀት፣ በሚሊ ሜትር ነው። ሊያምኑት የሚገባው ይህን ነው። በአንድ ጎማ ላይ 28 ኢንች፣ በሌላው 29 ኢንች፣ በሦስተኛው 700ሲ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ ሦስቱም ግን 622 ናቸው፣ የሚለያዩት በስፋት ነው። በአንጻሩ የብዙዎቹ የቆዩ የተራራ ብስክሌቶች 26 ኢንች ጎማ 559 ነው። ከመነዳሪ ሲገዙ በካርቶኑ ላይ ሁለተኛው ቁጥር ተመሳሳይ መሆኑንና የጎማዎ ስፋት በተጻፈው ክልል ውስጥ መግባቱን ያረጋግጡ። የቬንቲሉንም፣ ማለትም አየር የሚነፋበትን አፍ፣ ዓይነት አይርሱ፤ ቀጭኑና ወፍራሙ የሚገቡበት የቸርኬ ቀዳዳ የተለያየ ነው።

ጎማ ከተነሣ፣ እርስዎ በወጣትነትዎ ሲነዱ ቀጭንና ጠንክሮ የተነፋ ጎማ ፈጣን ነው ይባል የነበረውን ሳያስታውሱ አይቀርም። ያ አመለካከት ተለውጧል። ባይሲክል ኳርተርሊ የተባለው መጽሔት ሰፋ ያለና ለስላሳ ጎማ ፍጥነት እንደማይቀንስ ሌሎች ሳይቀበሉት ጀምሮ በሙከራ ሲሟገት ቆይቷል። ዛሬ ፕሮፌሽናል ተወዳዳሪዎች እንኳ ከ23 ሚሊ ሜትር ተነሥተው ወደ 28ና ከዚያ በላይ ሄደዋል። መጽሔቱ ረጋ ብሎ የሚጻፍ፣ ለማንበብ የሚያስደስት ነው። አዘጋጁ ያን ሃይኔ ጎማ የሚሸጥ ድርጅትም ባለቤት መሆኑን ግን እያሰቡ ያንብቡት። ለእርስዎ መንገድ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ብስክሌቱ ከፈቀደ በጣም ይመቻል። ጎኑ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት ጣሪያው እንጂ ሊነፉበት የሚገባው መጠን አይደለም።

ሁለተኛው መላሽ

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሰፈርዎን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ብዙ ቤተ መጻሕፍት ሊቢ ወይም ፕሬስሪደር በተባሉ መተግበሪያዎች በኩል መጽሔቶችን ለአባሎቻቸው በነፃ ያስነብባሉ፤ የሚያስፈልገው የቤተ መጻሕፍቱ ካርድ ብቻ ነው። የቆዩ እትሞችንም የሚያካትቱ አሉ። ይህ ለተመላሽ ነጂ ከአዲሱ እትም ይልቅ ይጠቅማል፤ ስለ ካቴና ማጽዳት፣ ስለ ክረምት መብራትና ስለ ፍሬን ጎማ ቅያሪ የተጻፈ ነገር አያረጅም። የአንዱን መጽሔት ሦስት አራት እትም አከታትለው ሲያነቡ ባሕርዩን ያውቁታል።

የማኅበራቱ መጽሔት ግን በመተግበሪያዎቹ ላይ ላይገኝ ይችላል። ለእሱ የማኅበሩን የአካባቢ ቅርንጫፍ ያነጋግሩ። ብዙዎቹ ቅርንጫፎች አዲስ ሰው የሚቀበሉበት ቀስ ያለ የቡድን ጉዞ ስላላቸው ከአባላቱ አንዱ የቆየ እትም ሊያውስዎት ይችላል። የአባልነት ቅጹን ለመሙላት ሲወስኑ የቤተሰብ አባልነት መኖሩን፣ የኢንሹራንሱ ሽፋን ለባለቤትዎና ለልጆችዎ የሚደርስ መሆኑን፣ በኤሌክትሪክ ብስክሌት ሲነዱም የሚሠራ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቋቸው።