ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ እናቴን ወደ ኡቲ ብወስዳት ይበጃት ይሆን?

ጥያቄ፦ አስታማሚ ልጅ

ውድ ወገኖቼ፣ እናቴ በሕንድ አገር ቼናይ ከተማ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ካደረገች ስድስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሐኪሟ ቁስሉ መድረቁን አይቶ በምርኩዝ እንድትራመድ ፈቅዶላታል፤ ይሁንና ለመጨረሻው ምርመራ ገና ሦስት ሳምንት ስለሚቀረን ወደ አገራችን መመለስ አልቻልንም። መጋቢት ከገባ ወዲህ ሙቀቱና ወበቁ ከቀን ወደ ቀን እየበረታ በመሄዱ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አዲስ አበባ የኖረችው እናቴ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥታ ታነጋለች፤ ቀኑንም ከማራገቢያው ሥር አትነሣም። አስተርጓሚያችን በኒልጊሪ ተራሮች ላይ ኡቲ የምትባል ቀዝቃዛ ከተማ እንዳለች ስለነገረን ለአራት ቀን ልወስዳት አስቤያለሁ። ከፍታው ይጎዳት ይሆን? ስለ እርሱ ብዙ የሚወራለት የተራራ ባቡርስ ለጉልበቷ ይስማማታል? ዐቢይ ጾምን ስለምትጾም የምትበላው ነገር ታገኛለች? ወደዚያ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል የሚባለውስ እውነት ነው? የምታውቁ ሁሉ ብትመክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የኮይምባቶር ተማሪ

እንኳን እግዚአብሔር እናትዎን ማረልዎ። ለሦስተኛ ዲግሪዬ ለኡቲ ቅርብ ወደሆነችው ኮይምባቶር ከተማ ከመጣሁ አራተኛ ዓመቴ ስለሆነ ኡቲን ደጋግሜ አይቻታለሁ። ስለ ከፍታው አይስጉ፤ ኡቲ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ያለች በመሆኗ አዲስ አበባ እንዲያውም በጥቂቱ ትበልጣታለች። ወደ ከተማዋ ሲቃረቡ አስቀድሞ የሚቀበልዎ የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዘመን ከአውስትራሊያ አምጥተው ያስፋፉት፣ እኛ በእንጦጦ ነጭ ባሕር ዛፍ የምንለው ያው ዛፍ ነው። ከቅጠሉ በእንፋሎት የሚወጣው ዘይት በየሱቁ በትንንሽ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ሕንዶች ዘይቱን ራሱን ኒልጊሪ እያሉ ይጠሩታል።

አድካሚው አወጣጡ ነው። ከተራራው ግርጌ ካለችው ሜቱፓላያም ተነሥቶ ኡቲ የሚደርሰው የባቡር መስመር በ1908 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ፣ ዩኔስኮም በ2005 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ሲሆን ርዝመቱ 46 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከካላር ጣቢያ ከኡቲ በፊት እስካለችው ኩኑር ከተማ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ በመሆኑ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርሳም ብረት ተዘርግቶ፣ የባቡሩ ጥርሳም መንኮራኩር ያንን እየነከሰ ይወጣል፤ ሞተሩም ከኋላ ሆኖ ፉርጎዎቹን ይገፋል። በዚህ የተነሣ ጉዞው አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። መቀመጫው ከመጥበቡ የተነሣ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ጉልበት ለጉልበት ይነካካሉ፤ በፉርጎው ውስጥም መጸዳጃ የለም። ለጤነኛ ሰው የማይረሳ መንገድ ነው፤ ለእናትዎ ግን ፈጽሞ አልመክረውም።

እኔ ብሆን የማደርገው እንዲህ ነው። ከቼናይ ኮይምባቶር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት፣ በፈጣኑ የቀን ባቡር ደግሞ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እዚያ አድረው በማግስቱ ጠዋት በመኪና ቀስ ብለው ኩኑር ይውጡ። ከኩኑር ኡቲ ያለውን 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ግን በዚያው ባቡር ይሳፈሩ፤ ይህ ክፍል በናፍጣ ሞተር የሚሄድ ሲሆን ከአንድ ሰዓት ብዙም ስለማያልፍ እናትዎ ባቡሩን ሳያዩት አይቀሩም። በቲኬቱና በጣቢያው ላይ የሚያነቡት የኡቲ ስም ኡዳጋማንዳላም ስለሆነ እንዳይደናገሩ።

መልስ፦ ነርሷ

በአጥንት ሕክምና ክፍል ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ ከላይ በተሰጠው ምክር ላይ ጥቂት ልጨምር። ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት ዋናው ሥጋት ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር የደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት ማምጣቱ ነው። ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት የቀዶ ሐኪማቸውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ደም ማቅጠኛ ታዝዞላቸው ከሆነም በመንገድ አንድ ቀን እንኳ እንዳይዘለል። በመኪናው ከፊት አስቀምጠው ወንበሩን ወደ ኋላ ይግፉላቸው፤ በየሰዓቱም መኪናውን አስቁመው አምስት ደቂቃ ያራምዷቸው። የባታቸው እብጠትና ሕመም ከታየ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ያለ ምንም መዘግየት ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። ወደ ኩኑር የሚወስደው መንገድ 14 ወደ ኋላ የሚታጠፉ ጠባብ ኩርባዎች ስላሉት ማቅለሽለሹን ለመቀነስ ሾፌሩ እንዳይቸኩል አስቀድመው ይንገሩት።

መልስ፦ የቼናይ ነዋሪ

ስለ ፈቃዱ የሰሙት እውነት ነው፤ የሚመለከተው ግን የውጭ አገር ሰውን ብቻ አይደለም። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ባዘዘው መሠረት ከግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ኡቲና ወደ ሌላዋ የተራራ ከተማ ወደ ኮዳይካናል በመኪና የሚገባ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ በክልሉ በታሚል ናዱ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ የመግቢያ ፈቃድ ማውጣት ይኖርበታል። ክፍያ የለውም፤ የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር፣ የተሳፋሪውን ብዛትና የቆይታውን ቀን ይጠይቃል። የአገሬው ሰው በስልክ ቁጥሩ፣ የውጭ አገር ሰው በኢሜይል አድራሻው ይመዘገባል። የተከራዩት መኪና ሾፌር ራሱ ሊያወጣልዎ ይችላል፤ በሕዝብ አውቶቡስ የሚሄድ ሰው ግን አይጠየቅም። በ2025 ከሚያዝያ መባቻ ጀምሮ ፍርድ ቤቱ በሥራ ቀናት ከ6,000፣ በዕረፍት ቀናት ከ8,000 መኪና በላይ ወደ ኡቲ እንዳይገባ ገድቦ ስለነበር፣ ጉዞዎን በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ቢያደርጉት ይሻላል።

ሆቴሎች ያሳደሩትን የውጭ አገር ዜጋ ለመንግሥት ማስመዝገብ ግዴታቸው ስለሆነ ትንንሾቹ ማረፊያዎች አንዳንዴ አይቀበሉም። ክፍል ሲይዙ የውጭ አገር ሰው መሆንዎን በግልጽ ይንገሯቸው፤ ሁለታችሁም ዋናውን ፓስፖርትና ቪዛ ያዙ። በኒልጊሪ አውራጃ የፕላስቲክ የውኃ ጠርሙስ የተከለከለና በኬላም የሚወሰድ ስለሆነ ኮዳ ወይም ፔርሙስ አይርሱ። ሌሊቱ በመጋቢትም ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳልና የእናትዎ ጋቢ ከሻንጣ እንዳይቀር።

መልስ፦ እኅታችሁ ከቬሎር

የጾሙ ነገር ከሁሉ ይልቅ እኔን አሳስቦኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሐበሻ ሳያውቅ የሚገድፈው እዚህ ላይ ነው። ሕንዶች አትክልት ብቻ የሚሉት ምግብ ሥጋና እንቁላል የሌለው ማለት ነው እንጂ ወተት፣ እርጎና የተነጠረ ቅቤ ይገባበታል። በአካባቢው ቋንቋ በታሚል ቅቤው ነይ፣ ወተቱ ፓል፣ እርጎው ታይር ይባላል፤ አልፈልግም ለማለት ደግሞ ቬንዳም ይላሉ። "ነይ ቬንዳም፣ ፓል ቬንዳም፣ ታይር ቬንዳም" ብለው በወረቀት ላይ በታሚል ፊደል ቢያስጽፉት አስተናጋጁ ወዲያው ይረዳዎታል። ኢድሊ ከሩዝና ከጥቁር ምስር ሊጥ ቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ለስላሳ ምግብ ስለሆነ ለታማሚ ይስማማል። ዶሳም ከዚያው ከቦካው ሊጥ በምጣድ የሚጋገር ቀጭን ቂጣ ነው፤ ኮምጠጥ ማለቱ እንጀራን ያስታውሳል፤ ምጣዱን በዘይት ብቻ እንዲቀቡት ይንገሯቸው። የምስር ወጥ የሚመስለውን ሳምባርም ቅቤ እንዳልገባበት ሳይጠይቁ አያቅርቡላቸው።

የጠያቂው ምላሽ፣ ከጉዞው በኋላ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሐኪሟ ፈቅዶልን፣ በተባለው መንገድ ማክሰኞ ከኮይምባቶር ተነሥተን፣ አራት ጊዜ እያረፍን ኩኑር ደረስን። ኡቲም በ1848 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የእጽዋት አትክልት ስፍራ ዳገቱን ትተን ከታች ባለው ሜዳማ መስክ ብቻ ቆየን፤ እናቴ ከመንገድ ዳር ያነሣችውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በጣቶቿ አሽታ አሸተተችና ለረጅም ጊዜ በመዳፏ ይዛው ተቀመጠች። አራቱንም ሌሊት በጋቢዋ ተጠቅልላ ጥሩ እንቅልፍ ተኝታለች። ከእኛ በኋላ ለሚሄዱ አስታማሚዎች የምነግረው አንድ ነገር አለ፦ በኩኑር ጣቢያ የፉርጎው መወጣጫ ለእናቴ ከፍ ብሎባት ስለነበር ሁለት ሰዎች ደግፈው አሳፈሯት፤ ስለዚህ ከሆቴሉ ትንሽ በርጩማ ተውሳችሁ ሂዱ፤ ስትወጡ ጤነኛው እግር፣ ስትወርዱ ደግሞ የታመመው እግር ይቅደም።